ሲሰነፍጥ

መቂ ከመኪና ስወርድ ቀድሞ የሚቀበለኝ ሰው አይደለም፤ ሽንኩርት ነው። አይሱዙዎች አስፋልቱ ዳር ተደርድረው ቆመዋል፤ ጫኞች ጆንያ በትከሻቸው አድርገው ይሮጣሉ፤ ከጆንያ ያመለጠ ሁለት ሦስት ፍሬ ሽንኩርት መንገዱ ላይ ይንከባለልና ባጃጅ ይደፈጥጠዋል። የዚያን ጊዜ ታክሲ የሚጠብቀው ተማሪ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ያሻል፤ አንዲት ሴት በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ትይዛለች። ሟች የሌለበት ለቅሶ ነው።

እኔም እያለቀስኩ አንድ ነገር ታየኝ። ጆንያው ውስጥ ያለው ይህ ሁሉ ሽንኩርት ማንንም አላስለቀሰም። ያስለቀሰን የተደፈጠጠው ነው። ሽንኩርት ሙሉ ሳለ ጨዋ ነው፤ ሽታው እንኳ ከልጣጩ አያልፍም። ሲቆረጥ ግን በተለያየ ጓዳ ተቆልፈው የነበሩ ነገሮች ይገናኛሉ። በአንዱ ጓዳ ድኝ ያለበት ጥሬ ዕቃ አለ፤ በሌላው ጥሬ ዕቃውን የሚቀይር ሠራተኛ፣ ማለትም ኢንዛይም አለ። ቢላዋው ግድግዳውን ሲያፈርሰው ሠራተኛው ሥራ ይጀምራል። እንባችንን የሚያመጣውን ጋዝ የሚሠራው ኢንዛይም ራሱን የቻለ መሆኑን የጃፓን ተመራማሪዎች ያስታወቁት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። የሰው ልጅ ስንት ሺህ ዓመት ሽንኩርት ሲከትፍ እንዳለቀሰ አስቡት፤ አስለቃሹን ጋዝ የሚሠራው የታወቀው ግን ትናንት ነው።

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ግድም በምትርቀው በዚህች የዱግዳ ከተማ አክስት አለችኝ። መቂ ከገባች 40 ዓመት አልፏታል። የመቂ ወንዝ ከጉራጌ ተራሮች ተነስቶ፣ በውኃ መሳቢያ ሞተሮች ግራና ቀኝ እየተጠጣ፣ የተረፈው ደምበል ሐይቅ ሲገባ ዓይኗ እያየ ነው ያረጀችው። ቲማቲሙ በሳጥን፣ ሽንኩርቱ በጆንያ፣ ጥቅል ጎመኑ በቁልል ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። እሷ ግን ወደ አዲስ አበባ የማይሄደውን ነው የምትወደው፤ ከቀትር በኋላ ሴቶች መንገድ ዳር ሸራ ላይ የሚዘረጉትን፣ በእስር የሚሸጠውን ጎመን። በኦሮምኛው ራፉ የሚሉትን።

አክስቴ ጎመን የምትገዛው በአፍንጫዋ ነው። ከእስሩ አንድ ቅጠል ትመዛለች፣ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል ታሸዋለች፣ ታሸታለች።

«ይሄ አይሰነፍጥም» አለች ያን ቀን። «ውኃ ብቻ ጠጥቶ ያደገ ነው።»

«እናቴ፣ ጎመን እንጂ መች ሰናፍጭ አመጣሁ?» አለች ሻጯ።

ሁለቱም ሳቁ፤ ዋጋው ትንሽ ወረደ። እኔ ግን ሻጯ ሳታውቀው ግማሽ እውነት ብቻ እንደተናገረች ልነግራት ፈልጌ ነበር። ጎመን የሰናፍጭ ልጅ ነዋ። ናጋሃሩ ዩ የሚባል፣ አባቱ ኮሪያዊ እናቱ ጃፓናዊት የሆነ የዕፅዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1935 የጎመን ወገኖችን የዘር ሐረግ በሦስት ማዕዘን ሥሎ አሳይቶ ነበር። በዚያ ሥዕል ላይ የእኛ የአበሻ ጎመን በሰናፍጭና በጥቅል ጎመን ወገን መካከል የተወለደ ሆኖ ይገኛል። ሰናፍጭ 16 ክሮሞዞም አለው፣ ጥቅል ጎመን 18፤ ጎመናችን ሁለቱንም ሳይጥል ይዞ 34 አለው። ፈረንጆቹም ስሙን ሲጠሩ የኢትዮጵያ ሰናፍጭ ነው የሚሉት። እንግዲህ ጎመን መሰንፈጡ ከእናት ከአባቱ የወረሰው ነው፤ አክስቴም ያሸተተችው የትውልድ ማስረጃውን ነው ማለት ይቻላል።

ይህ መሰንፈጥ የተፈጠረው ለእኛ አይደለም። ለትል ነው። ጎመንም እንደ ሽንኩርቱ ሁለት ጓዳ አለው፤ በአንዱ ሲኒግሪን የሚባል ምንም የማይሸት ነገር፣ በሌላው ማይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም። ትሉ ሲነክሰው ሁለቱ ይገናኙና አፍንጫ የሚወጋው ዘይት ይወለዳል። የኬሚስትሪ ሰዎች አይሶታዮሲያኔት ይሉታል። ለትሉ መርዝ ነው። ለእኛም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ መርዝ ነው። ወደዚህ ወግ የጎተተኝም ይቺ «ትንሽ» የምትባለዋ ቃል ናት።

እ.ኤ.አ. በ1992 ባልቲሞር ውስጥ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ፖል ታላላይ የሚባሉ ሳይንቲስትና ባልደረቦቻቸው አክስቴን የሚመስል ሥራ ሠሩ። ከገበያ አትክልት እየገዙ፣ ጭማቂውን የአይጥ ጉበት ህዋሶች ላይ እያደረጉ፣ የትኛው አትክልት ህዋሱን እንደሚያነቃ መፈተሽ ጀመሩ። መርዝ የሚገድል አትክልት አልነበረም የሚፈልጉት። ህዋሱ ራሱ መርዝ ለማስወገድ የሚያመርታቸውን ኢንዛይሞች እንዲያበዛ የሚቀሰቅስ ነበር የፈለጉት። ከሁሉ ልቆ የተገኘው ብሮኮሊ ሆነ፤ ከውስጡም ሰልፎራፌን የሚባለውን ቅመም ለዩት። ሰልፎራፌን የጎመናችን የሚሰነፍጥ ዘይት የሥጋ ዘመድ ነው፤ እሱም አይሶታዮሲያኔት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ገና የሦስት ቀን የሆነ የብሮኮሊ ቡቃያ ከአደገው ከ10 እስከ 100 እጥፍ የሚበልጥ የሰልፎራፌን ጥሬ ዕቃ እንደሚይዝ ጻፉ። ጨቅላው ቡቃያ ከትልቁ የበለጠ ታጥቋል። ለነገሩ ትል የሚወደው ጨቅላውን አይደል?

ህዋሱ ሲነቃ ምን እንደሚሆን ለአክስቴ ለማስረዳት ውሻዋን መጠቀም ነበረብኝ። ቀን ታስሮ የሚውል ቡናማ ውሻ አላት። ሌሊት መቂ ዳርቻ ጅብ አይጠፋም። «በየህዋሳችን ውስጥ አንድ እንዲህ የታሰረ ውሻ አለ» አልኳት። ስሙ ኤንአርኤፍ-2 ነው፤ ያሰረው ገመድ ኪፕ-1 ይባላል። ገመዱ ማሰር ብቻ አይደለም የሚያውቀው፤ ያሰረውን ውሻ ያስወግደዋል፣ ህዋሱም ሌላ ይተካል፤ በደህና ጊዜ አንዱ ውሻ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይኖርም። ገመዱ ላይ ድኝ ያለባቸው ቋጠሮዎች አሉ። የሚሰነፍጠው የጎመን ዘይት ህዋስ ውስጥ ሲገባ እነዚህን ቋጠሮዎች ይይዛቸዋል፤ ገመዱ ይላላል፤ ውሻው ወደ ህዋሱ እልፍኝ ይሮጥና ይጮኻል። በጩኸቱ መከላከያ ኢንዛይሞች መመረት ይጀምራሉ።

«ታዲያ ጎመኑ ሌባ ነው በለኛ» አለች።

ሌባ እንኳ አይደለም፤ አጥር ስትዘል ኮሽ ያደረገች ድመት ናት። ውሻው በድመቷ ኮሽታ ነቅቶ ጅቡን ያገኘዋል። ድመቷ ወዲያው ትሄዳለች፤ ከሰውነት በሽንት ለመውጣት ቀን አይፈጅባትም። የነቁት ኢንዛይሞች ግን ለቀናት ይቆያሉ።

ጅቡ ማነው? ለዚህ አካባቢ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን አፍላቶክሲን ነው፤ እርጥበት ያገኘው በቆሎ፣ ለውዝ ወይም ፋጉሎ ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚተፋው መርዝ። ዓለም ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር 100 ሺህ የሚሆኑ የቱርክ ዶሮዎች በተበላሸ የለውዝ መኖ ካለቁ በኋላ ነው። የሰውን ጉበት ለካንሰር ይዳርጋል። የሚገርመው ግን ሲገባ ያን ያህል ክፉ አለመሆኑ ነው። የሚያስከፋው ጉበታችን ነው። ጉበት ውስጥ ሁለት ጓድ ኢንዛይሞች አሉ። የመጀመሪያው ጓድ ባዕድ ነገር ሲያይ ይይዘውና እጀታ ያበጅለታል፤ ሁለተኛው ጓድ እጀታውን ጨብጦ ግሉታታዮን የሚባል ጭነት ይለጥፍበትና ከቤት ያስወጣዋል። አፍላቶክሲን ላይ የመጀመሪያው ጓድ የሚያበጀው እጀታ ስለታም ነው፤ ሁለተኛው ጓድ ፈጥኖ ካልደረሰ ዘረ መላችን ላይ ይሰካል። አይጥ ሁለተኛው ጓዷ ብርቱ ስለሆነ አፍላቶክሲንን ችላ ትኖራለች፤ ቱርክ ዶሮ ግን ሁለተኛው ጓድ ከድቷት ትሞታለች። መርዙ አንድ ነው። የሁለተኛው ጓድ ብርታት ነው የሚለየው።

እኛ ዘንድ ነገሩ በወተት መጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና አካባቢዋ 110 የወተት ናሙና ወስዶ ነበር፤ አፍላቶክሲን ያልተገኘበት አልነበረም፤ ከአራቱ አንዱ የሚሆነው ደግሞ በሊትር ከ0.5 ማይክሮግራም በላይ ይዞ ተገኘ። ምንጩ ላሚቱ የምትበላው የኑግ ፋጉሎ ነው። ያን ሰሞን ወተት ያልቀነሰ የከተማ ሰው ጥቂት ነው። እኔም ለአንድ ወር ሻይዬን ቀይ ጠጣሁ፤ ከዚያ ረሳሁት። የሰው ፍርሃት ከወተት ፈጥኖ ይበላሻል።

በዓመቱ ጀርመን አገር የሚሠሩ ተመራማሪዎች ያሳተሙትን አንብቤ ግን ከወንበሬ ተነሳሁ። የመረጡት አትክልት ብሮኮሊ አልነበረም። የእኛ ጎመን ነው፤ ያው ሴቶቹ ሸራ ላይ የሚዘረጉት ዓይነት። የመረጡት መርዝም አፍላቶክሲን ነው። የሰው የጉበት ካንሰር ህዋሶችን በመስታወት ሰሃን አሳድገው፣ መጀመሪያ የጎመን ጭማቂ ሰጧቸው፣ ቀጥለው መርዙን ጨመሩባቸው። ጎመን የቀመሱት ህዋሶች ዘረ መል ጉዳቱ ቀነሰ፤ የጎመኑ መጠን ሲጨምር ጥበቃውም ጨመረ። ውሻውም፣ ማለትም ኤንአርኤፍ-2፣ ተፈትቶ ሲጮህ ተሰማ።

አሁን ድስቱ ጋ ደረስን። ብዙ ጊዜ የሚያሳስበኝ ይህ ነበር። የእኛ ሰው ጎመንን ዝም ብሎ አያበስልም፤ ይቀቅለዋል፣ ይጨምቀዋል፣ ደግሞ ያቁላላዋል። ማይሮሲኔዝ ደግሞ ሙቀት የማይችል ሠራተኛ ነው፤ ውኃው ሲፈላ ይሞታል። ሙሉ ቅጠል ድስት ውስጥ ከገባ ሁለቱ ጓዳዎች ሳይገናኙ ይቀራሉ፤ ሥራውን በከፊል የሚቀጥሉት አንጀታችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ስለዚህ የአክስቴን ድስት ባየሁ ቁጥር የሆነ ሀብት ከእንፋሎቱ ጋር ሲወጣ ይታየኝ ነበር። ያ የጀርመኑ ጥናት ግን ጎመኑን ጥሬውንም፣ የበሰለውንም፣ እንዲቦካ የተደረገውንም ፈትኗል፤ መብሰሉ ጥበቃውን ያን ያህል አልቀነሰውም፤ በአንዳንዱ መለኪያ እንዲያውም አሻሽሎታል። ጎመን ውስጥ ያለው የሚሰነፍጥ ዘይት ብቻ አይደለማ። ለአክስቴ ድስት በሆዴ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ሆኖም የእኛው ማዕድ ከእንግሊዞቹ ቀድሞ ያወቀው ዘዴ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 እንግሊዝ አገር ሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 12 ሰዎች 200 ግራም የበሰለ ብሮኮሊ አንዴ ብቻውን፣ አንዴ ደግሞ አንድ ግራም የተፈጨ ሰናፍጭ ተነስንሶበት በሉ። ሰናፍጩ ሲጨመር ከሰውነታቸው የተገኘው የሰልፎራፌን መጠን ከአራት እጥፍ በላይ ሆነ። የበሰለው በሞተው ሠራተኛው ምትክ ከጥሬው ሰናፍጭ ሠራተኛ ተበድሮ ነዋ። የሁዳዴ ጾም ማዕድን አስታውሱ፤ ጎመኑ እዚህ፣ ስልጆው እዚያ። ስልጆ የባቄላ ዱቄትና የሱፍ ውኃ በአንድ ላይ ቦክቶ ሰናፍጭ የገባበት ነው። እንጀራውን አንዴ ከጎመኑ አንዴ ከስልጆው የሚያጠቅስ ጾመኛ የእንግሊዞቹን ሙከራ ላቦራቶሪ ሳይገባ ይደግመዋል። ይህን ያሰበች እናት ነበረች አልልም። ያሰበችው አፍንጫ እስኪወጋ ካልሰነፈጠ ስልጆ እንዳልሆነ ነው፤ ይኸው ይበቃል።

እዚህ ላይ ራሴን መግታት አለብኝ። ጎመን ካንሰር ይፈውሳል የሚል ጭማቂ ሻጭ ይህን አንብቦ ማስታወቂያ እንዳያሠራበት። የመስታወት ሰሃን ሆድ አይደለም። ሰው ላይ የተሞከረው ምን ያህል ነው ቢባል፣ ቻይና ውስጥ አየሯ በተበከለው በቺዶንግ ተመራማሪዎች 291 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትለው ነበር፤ ከእነሱ መካከል የብሮኮሊ ቡቃያ መጠጥ ሲጠጡ በቆዩት ላይ በመኪና ጭስ ውስጥ የሚገኘው ቤንዝን የሚባለው መርዝ ከሰውነታቸው በሽንት የሚወጣበት መጠን 61 በመቶ ጨመረ። ጥሩ ነው። መርዝ ወጣ ማለት ግን ካንሰር ቀረ ማለት አይደለም፤ ለዚያ 12 ሳምንት አይበቃም። ሁለተኛ፣ ውሻው የሚጠብቀውን ቤት አይመርጥም። አንዴ ካንሰር የሆነ ህዋስም ያው ውሻ አለው፤ ብዙ ዕጢዎች ኤንአርኤፍ-2ን ሁልጊዜ ፈትተው ራሳቸውን ከመድኃኒት ይከላከሉበታል። ስለዚህ ታሞ ሕክምና የጀመረ ሰው በብልቃጥ የታሸገ የጎመን ቅመም ከመዋጡ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ሦስተኛ፣ ከቅጠል የወጣ ነገር ኪኒን ሲሆን ጠባዩ ይለወጣል። ፊንላንድ ውስጥ 29 ሺህ የሚሆኑ አጫሾች በተካፈሉበት ጥናት ካሮትን ካሮት ያሰኘው ቤታ ካሮቲን በኪኒን ለተሰጣቸው ሰዎች የሳንባ ካንሰሩ በ18 በመቶ ጨመረባቸው። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ እስካሁን የኪኒን ሻጭ ሲያወራው አልሰማሁም።

ውሻው የማይደርስበት ቦታም አለ። ከመቂ ወደ ምሥራቅ ስታዩ ሰማዩ ንጹሕ ከሆነ የአርሲ ተራሮች ይታያሉ። የአርሲና የባሌ ደጋ የምግብ ቧንቧ ካንሰር የሚበዛበት አገር ነው፤ ከኢትዮጵያ ጀምሮ ምሥራቅ አፍሪካን ይዞ እስከ ደቡብ የሚወርድ የዚህ በሽታ መስመር አለ። ከተጠረጠሩት አንዱ ከእሳት ወርዶ ወዲያው የሚዋጥ ገንፎ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥን ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ከሚባሉት መድቦታል። ቃጠሎ ደግሞ ግሉታታዮን የሚለጠፍበት እጀታ የለውም። እዚያ የሚሠራው ኢንዛይም አይደለም፤ እፍ ማለት ነው። መስከረም ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» የምንለው ክረምቱን ጎመን ሰልችቶን ነው፤ ግድ የለም ገንፎው ይግባ፣ ግን በር ላይ ትንሽ ይቀዝቅዝ።

አመሻሽ ላይ አክስቴ ወጥ ቤት ነበርን። ጥግ ላይ ምጣዱ ተጥዶ ይጨሳል። የዚያ ጭስ ዕዳ ቀላል አይደለም፤ ውስጡ ቤንዞፓይሪን የሚባል ሌላ ጅብ አለ፤ እሱም ጉበትና ሳንባ እጀታ ሲያበጁለት የሚሾል ነው። አክስቴ ከተልባ ማሰሮው አጠገብ ያለችውን ቆርቆሮ ከፈተችና የተወቀጠ ጎመን ዘር በጨርቅ ነክታ ምጣዷን አሰሰች። እንጀራው እንዳይያዝ ነው። ጭሱም፣ ጎመን ዘሩም በአንድ ምጣድ ላይ ተገናኙ፤ አንዱ ለሌላው መድኃኒት ነው ልል ነበር፤ ግን በማሰሻ የሚያድን ነገር የለም። የሚያድነው ጭስ ማውጫ ነው። ለዚያ ገንዘብ ላዋጣ አልኳትና ሳቀችብኝ፤ «አንተ ስታገባ አሠራዋለሁ» አለች።

ጎመኑን አጥባ፣ ደቅቆ እስኪታይ ከትፋ፣ ወደ ምንቸቱ ልትጨምር እጇን ስታነሳ ያዝኳት።

«አሥር ደቂቃ ይቆይ።»

«ምን እስኪመጣ ነው የምንጠብቀው?»

የተከተፈው ከእሳት በፊት ትንሽ ከቆየ ሁለቱ ጓዳዎች ሥራቸውን ይጨርሳሉ፣ ነጭ ሽንኩርትም እንደዚያው ነው፣ ተደቁሶ ቢቆይ ይሻለዋል ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። አልሰማችኝም። ነጭ ሽንኩርቷን ደቆሰች፣ ቃሪያዋን ሰነጠቀች፣ ምጣዱ ላይ ያለውን እንጀራ አወጣች፣ ሌላ ሊጥ አዞረች፣ አከንባሎውን ደፋች። ከዚያ ከተከተፈው ጎመን በሦስት ጣቷ ቆንጠር አደረገችና አሸት አሸት አድርጋ አፍንጫዬ ሥር ያዘችው።

«መጣ?»

አስነጠሰኝ።

«ይማርህ» አለችና ጎመኑን ምንቸት ውስጥ ጨመረችው።